የልጅ የመጀመሪያ ዓመት፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጀመሪያዋን ልጄን ስወልድ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። ሁለተኛው ከመጣ በኋላ ተጠያቂ ሆንኩ። ጓደኞቼ፣ የጓደኞቼ እህቶች፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማላውቃቸው ሰዎች ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ይልኩልኛል። ያው በዚያ ሰዓት ዓይኗ የተከፈተ አራስ ብቻ ናት። ጥያቄዎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑብኝ እዚህ ላስቀምጣቸው አልኩ።

ሐኪም አይደለሁም። የጻፍኩት ሐኪሞችና ነርሶች የነገሩኝን፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ቁጭ ብዬ የሰማሁትንና ራሴ ተሳስቼ የተማርኩትን ነው። ልጃችሁ ጡት እምቢ ካለ፣ ካተኮሰው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከፈዘዘባችሁ ማንበቡን ተዉትና ይዛችሁት ሂዱ።

አማቴ የመጀመሪያው ወተት ይጣል፣ ቅቤም ይዋጥ ይላሉ። ምን ልበላቸው?

ወተቱ አይጣልም። ያ ቢጫ፣ ወፈር ያለ ነገር እንገር ነው። ልጁን ከበሽታ የሚከላከልለት የመጀመሪያ ክትባቱ በሉት። ጠብ የምትለው ትንሽ መሆኗ ያስደነግጣል፣ ግን በመጀመሪያው ቀን ልጁ የሚፈልገውም በሻይ ማንኪያ የሚቆጠር ነው። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ከያዘ ወተቱም ቶሎ ይመጣል።

ቅቤው ላይ እኔም ቤት ክርክር ነበር። "አንጀቷን ያለሰልስላታል" ነው የሚባለው። ገና መዋጥ የምትለማመድ ልጅ ቅቤ ስትውጥ ወደ ሳንባዋ ሊሄድ ይችላል፤ ንጽሕናው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አማቴን ግን "አይሆንም" አላልኳቸውም። "እማዬ፣ እሱን ቅቤ ለእኔ ገንፎ ያድርጉልኝ፣ ወተት ሆኖ ይደርሳታል" አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገንፎዬ መሃል ኩሬ ሆነ፣ ክርክሩም በዚያው ቀረ።

ወተቴ እንደሚበቃው በምን አውቃለሁ?

በለቅሶው አይደለም። ሕፃን ሲሞቀውም፣ ሲበርደውም፣ ሲረጥብም፣ አንዳንዴ እንዲሁ ሆድ ሲብሰውም ያለቅሳል። ሽንቱን ቁጠሩ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ካረጠበ እየጠገበ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ኪሎ መቀነሱ ያለ ነገር ነው፤ ከተወለደበት ክብደት እስከ አንድ አሥረኛ ሊወርድ ይችላል፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይመልሰዋል። ከዚያ በ5 ወር አካባቢ እጥፍ ይሆናል፣ በዓመቱ ሦስት እጥፍ። 3 ኪሎ የተወለደ ልጅ ሻማውን ሲያጠፋ 9 ኪሎ አካባቢ ነው ማለት ነው።

እስከ 6 ወር ውሃ አያስፈልገውም። ድሬዳዋ ብትሆኑም፣ ሰመራ ብትሆኑም። የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው። የአብሽ ውሃ፣ ጤና አዳም፣ ስኳር በውሃ፣ ሁሉም ይቅር። አብሹን ከወደደችው እናትየው ትጠጣው።

እትብቱ ላይ ምን ልቀባ?

ምንም። ቅቤም፣ አመድም፣ ቫዝሊንም አይነካውም። ከጤና ጣቢያ የተሰጣችሁ ቅባት ካለ እሱን ብቻ፣ እንደነገሯችሁ። ዳይፐሩን ከእትብቱ ዝቅ አድርጋችሁ እጠፉት፣ አየር ይንካው። በአንድ ወይ በሁለት ሳምንት ራሱ ይወድቃል። ዙሪያው ከቀላ፣ ከሸተተ ወይም መግል ከያዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።

ክርስትና ሳይነሳ ከቤት ማውጣት ይቻላል?

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው። ብዙ ቤት እስከዚያ ድረስ ልጁ ከበር አይወጣም። ልማዱን አልነካም፣ አራስ ጠያቂ መቀነሱ ራሱ ለልጁ ደግ ነው። ግን እስቲ ቁጠሩት። የአንድ ወር ተኩሉ ክትባት 45ኛው ቀን አካባቢ ነው፣ የሁለት ወር ተኩሉ ደግሞ 75ኛው ቀን አካባቢ። ወንዱ ክርስትናውን ጨርሶ ይደርሳል። ሴቷ 80 ቀን እስኪሞላት ብትጠብቅ ሁለት ዙር ክትባት ያልፋታል። ለልጄ ይሄ ሲገጥመኝ የነፍስ አባታችንን ጠየቅኳቸው። "ሐኪም ቤት መሄድን ማን ከለከለሽ?" ነው ያሉኝ፣ እንዲያውም ትንሽ ተቆጥተው።

ዓይን እንዳይበላው ብላችሁ ነጠላ የምታለብሱት ከሆነ አልብሱት። አፍንጫው ላይ አትደራርቡበት ብቻ።

ፀሐይ ስንት ሰዓት ላይ ላሙቀው?

የእኛ ጤና ጣቢያ ነርሶች ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ነው የሚሉት። ከጥቂት ደቂቃ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ እስከ ግማሽ ሰዓት። ልብሱ ይውለቅ፣ ዳይፐሩ ይበቃዋል፣ ዓይኑን ከለል አድርጉለት። ቅባቱ ከፀሐይ በኋላ።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለቫይታሚን ዲ ነው። እሱ ሲያንስ አጥንት ይለሰልሳል፣ እግር ይወላገዳል፣ መቆምና መሄድ ይዘገያል። ሪኬትስ የሚሉት እሱ ነው። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን እያልን የምንኩራራው እኛ ዘንድ ሪኬትስ መኖሩ ይገርማል፣ ግን ልጁን ደራርበን ጠቅልለን ቤት ውስጥ ከዘጋንበት ፀሐይዋ ለማን ትሙቅ?

የኔን ስህተት ልንገራችሁ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ሳሎናችን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞላዋል፣ ስለዚህ ልጄን መስኮቱ ሥር አስተኝቼ አንድ ወር ሙሉ አሞቅኳት፣ ራሴንም በጣም አደነቅኩ። ለክትባት ስሄድ ነርሷ "ውጭ ነው ወይስ በመስታወት?" አለችኝ። መስታወት ሙቀቱን ያስገባል እንጂ ቫይታሚን ዲ የሚያሠራውን ጨረር አያሳልፍም። ለካ አንድ ወር ሙሉ ምንጣፉን ነው ያሞቅኩት! ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ጣራ ላይ፣ ልብስ ማስጫው አጠገብ ነበርን።

ክረምት ላይና ፀሐይ በማትገኝበት ቤት ጠብታ እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ ደግሞ በፀሐይዋ አትተማመኑ። የዚያ አገር የክረምት ፀሐይ ለዚህ አቅም የላትም፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከነጣ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። አሜሪካ ያሉ የሕፃናት ሐኪሞች ለሚጠባ ልጅ በቀን 400 ዩኒት ጠብታ ያዛሉ። ዱባይና ሪያድ ያላችሁም ከሙቀቱ ሸሽታችሁ ቀኑን ሙሉ ኤሲ ሥር ስለምትውሉ ጠብታው ለእናንተም ጥያቄ ነው።

ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ፀሐይ ያጠፋዋል?

አትሞክሩት። ቀለል ያለው ቢጫነት በብዙ ልጅ ላይ ከሁለተኛ ሦስተኛው ቀን ጀምሮ ታይቶ ይጠፋል። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ድረስ ከወረደ ወይም ልጁ አልጠባም ካለ ግን የሚታከመው ሆስፒታል ነው። ሲዘገይ አንጎል ይጎዳል።

ክትባቱ መቼ መቼ ነው?

ሲወለድ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ክንዱ ላይ ይወጋል፣ የፖሊዮ ጠብታም ይሰጠዋል። ከዚያ በ1 ወር ተኩል፣ በ2 ወር ተኩልና በ3 ወር ተኩል ትልልቆቹ ይመጣሉ። አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታቫለንት አለ፣ ትክትክና መንጋጋ ቆልፍ እሱ ውስጥ ናቸው። የሳንባ ምች መከላከያ አለ። ፖሊዮ ይቀጥላል። ተቅማጥ የሚያመጣውን የሮታ ቫይረስ የሚከላከለው ጠብታም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ይሰጣል። በ9 ወር ኩፍኝ፣ በ1 ዓመት ከ3 ወር ደግሞ የኩፍኝ ሁለተኛው። አዳዲስ ስለሚጨመሩ ካርዱ ላይ የተጻፈላችሁን ቀን እመኑ። መንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው።

ቀኑ ካለፈባችሁ "ተበላሸ" ብላችሁ አትቅሩ፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ተራ ጉንፋንም አያስቀረውም። ማታ ሊያተኩሰው ይችላል። ፓራሲታሞል ከሰጣችሁ በኪሎው ልክ ነው፣ መጠኑን እዚያው ጠይቁ።

ክንዱ ላይ የተወጋው ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ቡግር ሲያወጣ፣ ሲመግልም ብዙ እናት ትደነግጣለች። እኔማ በሌሊት ባሌን ቀስቅሼዋለሁ። ክትባቱ ሥራውን እየሠራ ነው። አትጭመቁት፣ አልኮል አትቀቡት፣ ጠባሳ ትቶ ይድናል። የእናንተንም ክንድ እዩት፣ ብዙዎቻችን ላይ አለ።

አናቱ ላይ የሚርገበገበው ነገር ያስፈራኛል።

እርግብግቢቱ ነው፣ ስሙም ከዚያው የመጣ ይመስለኛል። የራስ ቅሉ አጥንቶች ገና ስላልገጠሙ ነው። ፊት ለፊት ያለው ብዙውን ጊዜ ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ባለው ይገጥማል። ቅቤ ስለቀባችሁት ቶሎ አይገጥምም። በእርጋታ ብታጥቡት ምንም አይሆንም። ሁለት ነገር ግን ከእሱ ይነበባል። ከጎደጎደ ልጁ ፈሳሽ አጥሯል፣ በተለይ ተቅማጥ ካለው። ሳያለቅስ ቁጭ ብሎ እያለ ከተወጠረና ካበጠ፣ ከትኩሳት ጋር ከሆነ ደግሞ፣ በቀጥታ ሆስፒታል።

እንጥሉ ይቆረጥ፣ ግግም ይውጣ እያሉኝ ነው።

እዚህ ላይ አልለሳለስም። አይሆንም! እንጥል መቁረጥ የጉሮሮ ሕመምን አያድንም። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በአንድ ምላጭ ስንት ልጅ እንደተቆረጠ የሚያውቅ የለም። "ግግ" እየተባለ የሚነቀለውም ትል ወይም በሽታ አይደለም፣ ድድ ውስጥ ያለ የልጁ የወተት ጥርስ ነው። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም አብሮ ይበላሻል። የሚመክሯችሁ ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ ለእነሱም እንዲሁ ተደርጎባቸዋል። እኔ "ሐኪሙ ከልክሎኛል" በሚለው ነው የማልፈው። ሐኪም ላይ ማሳበብ ጠብ ያስቀራል።

የጎረቤቴ ልጅ በ9 ወሩ ሄደ። የኔዋ 11 ወር ሆኗት ገና ትድሃለች።

እሰይ፣ ትዳህ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ አለ። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ4 እስከ 9 ወር። ብቻውን መራመድ ከ8 እስከ 17 ወር ተኩል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሄያጅ መሃል ዘጠኝ ወር ተኩል አለ፣ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ከእነዚያ ልጆች ጥቂቶቹ ደግሞ ጨርሶ በእንብርክካቸው ሳይድሁ ነው ተነስተው የሄዱት።

ሴቷ ልጄ በደንብ ዳኸች። ወንዱ አልዳኸም፣ በእንፉቅቅ ነው ቤቱን የዞረው፣ የሱሪው መቀመጫ እስኪሳሳ። አንድ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለን እሱ እየተንፏቀቀ መጥቶ ረከቦቱን ይዞ ብድግ አለ። ስኒዎቹ ይንቀጫቀጫሉ፣ እሱ ይስቃል። እናቴ "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ሁላችንም አጨበጨብን። ጀበናው ከነትኩሱ ረከቦቱ አጠገብ እንደነበር ያየችው የ4 ዓመቷ እህቱ ናት። ልጅ መቆም ሲጀምር ጀበናውንም፣ ከሰሉንም፣ ፍል ውሃውንም ከፍ አድርጉ።

በግርድፉ ለማወቅ ያህል፦ በ2 ወር ገደማ ፊታችሁን አይቶ ፈገግ ይላል፣ በ4 ወር አንገቱ ይጸናል፣ በ6 ወር ይገለበጣል፣ በ9 ወር ይቀመጣል፣ "ባባባ" "ማማማ" ይላል፣ በዓመቱ ስሙ ሲጠራ ይዞራል፣ ቻው ይላል። ያለ ቀኑ የተወለደን ልጅ መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩለት።

ማሳየት ያለባችሁ በ3 ወሩ ፈገግታ ከሌለው፣ በ9 ወሩ ካልተቀመጠ፣ ለድምፅ የማይዞር ከሆነ፣ ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ በ18 ወሩ ካልሄደ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይችለው የነበረውን ነገር ከተወ።

ባለ ጎማ ዎከር አልመክርም። ቶሎ አያስኬድም፣ ደረጃ ላይ ይጥላል። ካናዳ እንዲያውም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች።

ምግብ መቼና ምን ልጀምር?

6 ወር ሲሞላው። ጡቱ ይቀጥላል፣ ምግቡ "ተጨማሪ" የተባለው ለዚያ ነው።

ትልቁ ስህተት ቅጥነት ነው። አጥሚቱ በጡጦ እስኪፈስ ይቀጥንና ልጁ ውሃ ጠጥቶ ሆዱ ይሞላል። ማንኪያ ላይ አንሱት፣ ማንኪያውን ስታዘነብሉት ቶሎ ከፈሰሰ ቀጥኗል። ዱቄቱን ቤት ማዘጋጀት ከፈለጋችሁ የጤና ባለሙያዎች የሚያስተምሩት ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ነው። ጤፍ፣ አጃ፣ ገብስ ወይም በቆሎ ከሽምብራ ወይም ከምስር ጋር ታጥቦ፣ ተቆልቶ ይፈጫል። ገንፎው ሲበስል ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ (አሁን ይቻላል፣ አማቴም ደስ ይበላቸው)፣ የተፈጨ ካሮት ወይም ጎመን፣ የተቀቀለ እንቁላል ፍቅፍቅ አድርጋችሁ ጨምሩበት። በሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይጀመራል፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ከ9 ወር በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ኩባያ ያህል።

ጾም ሲሆንስ? ሕፃን አይጾምም። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ድስቱ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም ሲጾም እንቁላል የተቀቀለበት ድስት የጾሙን እንዳይነካ ተብሎ ልጁ ሁለት ወር ሽሮ በእንጀራ ፍትፍት ይበላል። ለእሱ ብቻ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ግዙለት። አለቀ።

ማር ዓመት ሳይሞላው በፍጹም፣ ለጉንፋንም ቢሆን። ማር ውስጥ ያለ ባክቴሪያ የሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የላም ወተትም ዋና መጠጥ የሚሆነው ከዓመት በኋላ ነው።

ጥርስ ሊያወጣ ነው መሰለኝ፣ ተቅማጥና ትኩሳት አለው።

ጥርሱ የሚወጣው ከ4 እስከ 12 ወር ባለው ነው፣ ብዙው 6 ወር አካባቢ። ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያገኘውን ይነክሳል፣ ይነጫነጫል። ተቅማጥና ከባድ ትኩሳት ግን የጥርስ አይደለም። በዚያው ሰሞን መዳህ ይጀምራልና ወለል ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ተቅማጡን ኦአርኤስ፣ ብዙዎቻችን "ለምለም" የምንለውን፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጣችሁ በማንኪያ በማንኪያ ስጡት፣ ጡቱም አይቋረጥ። ጤና ጣቢያ ዚንክ ይሰጧችኋል። ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ቤት አትያዙት።

ሌሊቱን ሙሉ የሚተኛው መቼ ነው?

ይሄን ብመልስ ሀብታም ነበርኩ። በጀርባው አስተኙት፣ ብርድ ልብስና ትራስ ፊቱ አጠገብ አይኑር። ቀን ቀን አንቀልባም ሆነ የዘመኑ ማዘያ ላይ እዘሉት፣ እሹሩሩ በሉት። "እቅፍ ለመደ" ለሚሏችሁ አትስሙ፣ የሦስት ወር ልጅ ምን ይልመድ ታዲያ?

ወደ ሥራ ልመለስ ነው። ወተቱ እንዴት ይሆናል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ አለ። ለአባት 3 ቀን። ሦስት! እኔ የምሠራበት ቦታ 90ኛው ቀን ማግስት ስብሰባ ጠርተውኝ ሸሚዜ ረጥቦ ኮት ለብሼ ተቀምጫለሁ። የታለበ የጡት ወተት ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ከሆነ እንደማንኛውም ቀን ባለ የክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። በበረዶ በታሸገ ቦርሳ እስከ 24 ሰዓት፣ ስለዚህ ከቢሮ ወደ ቤት ታክሲ ላይ ችግር የለም። እሳት ላይ አይሞቅም፣ ማይክሮዌቭ ውስጥም አይገባም፣ ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ጠርሙሱን ማቆም ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ማለብ ተለማመዱ፣ ለልጁም ሌላ ሰው በኩባያ ወይም በጡጦ ይስጠው። ከናንተ እጅ እምቢ ይላል፣ ጡቱ ይሸተዋላ።

የልደት ሰርተፍኬቱ አሁኑኑ ያስፈልጋል?

በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ነው ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 760/2004። ሆስፒታሉ ወይም ጤና ጣቢያው የሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይዛችሁ ወረዳ ትሄዳላችሁ። የስሙን ፊደል በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የኔ ልጅ ላይ የአያቷ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ ለማስተካከል ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ከክትባት ካርዱ ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ አስቀምጡት፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ሁለቱንም የሚጠይቋችሁ ብዙ ናቸው።

ልጄ የተወለደው ጳጉሜን 6 ነው። ልደቱን መቼ ላክብር?

ጳጉሜን 6 በ4 ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው፣ 2015 ላይ ነበረች፣ ቀጣይዋ 2019 ናት። እኛ ሕንፃ ላይ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። እናቱ ጳጉሜን 5 ማታ ኬክ ታስቆርጠዋለች፣ አያቱ ደግሞ በማግስቱ፣ እንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ዶሮ ወጡ አጠገብ ሌላ ሻማ ይለኩሱለታል።